ሂካ፦ የአባ ገመቺስ ኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን የተነሣ ክርክር መብራት እስኪጠፋ ድረስ አላስተኛንም። ስለምንወደው ክርስቲያን ደራሲ ለግድግዳ ጋዜጣችን እንጻፍ ስንባባል ከመካከላችን አንዱ ኦኔሲሞስ ነሲብን ጠቀሰ። ሌላው ደግሞ ወዲያው፣ እሳቸው ተርጓሚ እንጂ ደራሲ አይደሉም ሲል ተነሣ። አብዛኞቻችን በዚህ አልተስማማንም። እስቲ ውድ አንባብያን ፍረዱን። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

አባ ገመቺስ እየተባሉም የሚጠሩት ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ሂካ ነበር። ኦሮምኛ የምትችሉ ታውቁታላችሁ፤ ተርጓሚ ማለት ነው። ኦሮምኛም እንደ አማርኛችን ገመድ መፍታትንና ቃል መፍታትን በአንድ ግስ ይናገራል። ታዲያ ይህ ስም የወጣለት ልጅ በባሪያ ፈንጋዮች ተይዞ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ቨርነር ሙንሲንገር የተባለው የስዊስ ተወላጅ ነፃ አወጣውና የስዊድን ሚሲዮን ተቀበለው። በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ያለው፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ የሚለው ባሪያ ስም ነው።

ከዚያ ወደ ስዊድን ተልከው አምስት ዓመት ተማሩ፣ በመምህርነት ተመረቁ። ሲመለሱ ምኞታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ወደ ትውልድ አገራቸው ገብተው ማስተማር። መንገዱ ግን እምቢ አለ። በሱዳን በኩል ዞረው እስከ አሶሳ ቢደርሱም ሳይሳካላቸው ተመለሱ። ስለዚህ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ተቀምጠው፣ ሊደርሱባቸው ላልቻሉ ተማሪዎች መጽሐፍ ማዘጋጀት ያዙ።

እዚህ ላይ ሌላ ችግር ገጠማቸው። ከወገናቸው የተለዩት በልጅነታቸው ስለሆነ የኦሮምኛ ቃል አጠራቸው። ስዊድን ድረስ ሄዶ የተማረ ሰው ሊተረጉም ብዕር ሲያነሣ የገዛ ቋንቋው ሲጎድለው ምን ይሰማው ይሆን? እሳቸው ግን አላፈሩም፤ ከሚያውቅ ጠየቁ። የጠየቋትም አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ነበረች። እሷም እንደሳቸው በባርነት ተሸጣ፣ በ1886 ባሕር ላይ ከመርከብ ነፃ ወጥታ እምኩሉ ትምህርት ቤት የገባች ናት። አስቴር ከልጅነቷ ጀምሮ በአእምሮዋ የያዘችውን ቃል፣ ተረትና ዘፈን እያስታወሰች ጻፈች፤ የሰበሰበችው ተረት፣ ዘፈንና የመሳሰለው ሁሉ ተደምሮ እስከ 500 ይደርሳል።

በሁለቱ ድካም በ1894 አንድ የኦሮምኛ ማንበቢያ ታተመ። ሐዲስ ኪዳን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1893 ወጥቶ ነበር፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ስዊስ አገር ቅዱስ ክሪስኮና ላይ ታተመ። ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። ፊደሉ የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ አናባቢው የሚረዝመውንና የሚያጥረውን ለይቶ ስለማያሳይ ለኦሮምኛ አስቸጋሪ ነው። በርግጥ ከሳቸው በፊት ሚሲዮናዊው ክራፕፍ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎችን በኦሮምኛ አሳትሞ ነበር። ቢሆንም መላውን መጽሐፍ፣ ሕጉንም መዝሙሩንም ትንቢቱንም፣ ያን ጊዜ ብዙ ባልተጻፈበት ቋንቋ ማስኬድ እንዲሁ መገልበጥ ብቻ ነው እንዴ? እኛ አይመስለንም። ተከራካሪያችን ግን እስካሁን ራሱን እየነቀነቀ ነው።

ለእኛ ለእጩ መምህራን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ይልቅ የሚቀርበን ያ ማንበቢያ ነው። ልጁ እቤቱ የሰማውን ተረትና ዘፈን መልሶ በፊደል ያሳየዋል። ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ከመካከላችን አንዷ አንደኛ ክፍል ገብታ የእንስሳት ሥዕል ብታሳይ፣ ፊት የተቀመጠው ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ አልመለሰላትም። እሷም ደካማ ብላ መዘገበችው። በአራተኛው ቀን በእረፍት ሰዓት ለጓደኛው በራሱ ቋንቋ የከብቶቹን ዓይነት በየቀለማቸው ሲዘረዝር ሰማችው። ያን ዕለት ማታ መዝገቧን ሰረዘች።

አባ ገመቺስ ወለጋ የገቡት በ1904 ነው፤ ፀጉራቸው ሳይሸብት አልቀረም። እነ አስቴርም አብረው ነበሩ። ቦጂ፣ ቀጥሎም ነቀምት ተቀመጡ። ሕዝቡን በኦሮምኛ ማስተማራቸው ወዳጅም ጠላትም አፈራላቸው፤ የአካባቢው ካህናት ቋንቋውን አያውቁትም ነበርና። ማርያምን ሰድበዋል ተብለው ተከሰሱና በ1906 አቡነ ማቴዎስ ዘንድ ቀረቡ። አቡኑ በግዞት እንዲሄዱ ፈረዱ። ዓፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ እንዳይሰብኩ ግን ከለከሏቸው። ያን ያህል ዘመን የደከሙለት ስብከት አሥር ዓመት ያህል ተዘጋባቸው። እሳቸውም ትምህርት ቤታቸውን ይዘው ልጆች ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በ1916 ልጅ ኢያሱ የስብከት ፈቃድ ሰጡ። ኢያሱ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም።

ሰኔ 21 ቀን 1931 ነቀምት ላይ አረፉ። ስለ አስቴር ጋኖ ብዙ ሳንል ቦታ አለቀብን። መምህራኖቻችን ወረቀት ከጨመሩልን በሚቀጥለው እትም እሷን ብቻ እንጽፋለን።