ሐንስ ቤርገር፤ የአንጎልን ሞገድ በወረቀት ያስነበበው ሐኪም

የልብ ምት በእጅ ይዳሰሳል፤ የሳንባ እስትንፋስም በዓይን ይታያል። አንጎል ግን በራስ ቅል ውስጥ ተሰውሮ ሥራውን በዝምታ ስለሚፈጽም ሊቃውንት ምሥጢሩን ለማወቅ ብዙ ዘመን ደክመዋል። ይህን ዝምታ ከሰበሩት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ ቤርገር ነው።

ቤርገር በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1873 ዓ.ም. በኮቡርግ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ሐኪም፣ የእናቱም አባት ዝነኛ ባለቅኔ ነበሩ። በመጀመሪያ በዬና ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ መማር ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ አቋርጦ ለአንድ ዓመት ወታደር ሆነ። አንድ ቀን በልምምድ ላይ ሳለ ከፈረስ ወድቆ ከሞት ለጥቂት ተረፈ። የዚያኑ ዕለት ከአባቱ ቴሌግራም ደረሰው፤ እኅቱ ሳይነገራት ወንድሟ አደጋ ላይ እንደ ወደቀ ተሰምቷት ኖሯል። ቤርገር ሐሳቡ ከአንጎሉ ወጥቶ ወደ እኅቱ የሄደ መሰለው። ይህ እምነቱ በሳይንስ አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም የአንጎልን ኃይል እንዲመረምር ወደ ሕክምና ትምህርት መራው።

በ1897 ዓ.ም. ትምህርቱን ፈጽሞ በዬና የአእምሮ ሕሙማን ክሊኒክ ሥራ ያዘ፤ በ1919 ዓ.ም.ም የክሊኒኩ አለቃ ሆነ። የአንጎልን የደም ዝውውርና ሙቀት ለብዙ ዓመታት ቢመረምርም የፈለገውን መልስ አላገኘም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኬተን በ1875 ዓ.ም. በእንስሳት አንጎል ላይ ኤሌክትሪክ ማግኘቱን ያውቅ ስለ ነበር ያንኑ በሰው ላይ ለመፈለግ ቈረጠ። በ1924 ዓ.ም. የራስ ቅሉ በቀዶ ሕክምና ከተከፈተለት የ17 ዓመት ወጣት የመጀመሪያውን ምልክት አገኘ። ነገር ግን ራሱን እየተጠራጠረ አምስት ዓመት ሙሉ ዝም አለ፤ በገዛ ልጁም ራስ ላይ ደጋግሞ ከፈተነ በኋላ በ1929 ዓ.ም. ሥራውን አሳተመ።

ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያርፍ በሴኮንድ ዐሥር ጊዜ ያህል የሚወዛወዝ ሞገድ ይታያል፤ ዓይኑን ሲከፍት ወይም በልቡ ሒሳብ ሲያስብ ሞገዱ ይደክማል። ቤርገር ይህን አልፋ፣ ፈጣኑን ደግሞ ቤታ ብሎ ሰየመ። ብዙዎች አላመኑትም ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. ግን አድሪያንና ማቲውስ በካምብሪጅ ከፈተኑት በኋላ ዓለም ተቀበለው።

ወጣት ሳለ የተወው ሒሳብም ተመልሶ መጣ። በ1932 ዓ.ም. ዲችሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ የቤርገርን መስመሮች በፉርዬ ዘዴ ወደ ቀላል ሞገዶች ከፋፈላቸው። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ዊልሰንና ካወን አንዱ ወገን የሚያነቃቃ፣ ሌላው ወገን የሚገታ የሆኑትን የነርቭ ሕዋሳት በሒሳብ ቀመር አሰፈሩ። ከሁለቱ ወገኖች ትግል ሞገድ ሊወለድ እንደሚችል ቀመራቸው አሳየ። የአንድ ሕዋስ ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ከራስ ቅል ውጭ አይሰማም፤ እልፍ አእላፍ ሕዋሳት በአንድነት ሲወዛወዙ ግን ይሰማል። አንድ ሰው ብቻውን ቢያጨበጭብ ከሜዳው ማዶ አይሰማም፤ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ምት ሲያጨበጭብ ግን ከሩቅ ይሰማል።

ስለ ቤርገር መልካሙን ብቻ መጻፍ በቀለለ ነበር፤ ነገር ግን እውነት አይሆንም። በናዚዎች ዘመን፣ ሕሙማን ያለ ፈቃዳቸው እንዲመክኑ በሚፈርድ ፍርድ ቤት ውስጥ በዳኝነት ተቀምጧል። ለብዙ ዘመን ናዚዎች ያሳደዱት ሰው ተብሎ ሲነገርለት ቢኖርም ኋላ የተመረመሩ መዛግብት ይህን አፍርሰዋል። በ1938 ዓ.ም. ጡረታ ወጣ፤ በ1941 ዓ.ም.ም በጽኑ የመንፈስ ጭንቀት ተይዞ በገዛ እጁ ሞተ።

ዛሬ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሚመረመርበት መሣሪያ ከቤርገር የተገኘ ነው። ብዙ ሕሙማንን የረዳው እጅ በሌሎች ሕሙማን ላይ ፈርዷል። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ትዕግሥቱን እንውረስ፤ ዕውቀት ብቻውን ሰውን ደግ እንደማያደርግም እናስታውስ።