መጽሐፍ ጠራዡ ማይክል ፋራደይ



ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ገርጂ በሚገኘው ሰፈራችን መብራት ጠፋ። ጎረቤታችን ባለሱቅ የጀነሬተሩን ገመድ ስቦ አስነሣውና የሱቁ አምፖል በራ። በሕፃናት ክፍል የማስተምረው አንድ ልጅ አጠገቤ ቆሞ ነበርና ኤሌክትሪኩ ያለው ቤንዚኑ ውስጥ እንደ ሆነ ጠየቀኝ። እኔ የዩኒቨርስቲ ተማሪ ነኝ። የጀነሬተርን ሕግ ከነቀመሩ ሸምድጄ ፈተና አልፌበታለሁ። ለልጁ የሚገባው መልስ ግን አጣሁና ሲያድግ እንደሚማረው ነግሬ ሸኘሁት። ቤቴ ስገባ በራሴ አፈርኩ። ሕጉን ያገኘውን ሰው ታሪክ ፈልጌ ያነበብኩት ከዚያ ወዲህ ነው። እነሆ ለእናንተም ላካፍላችሁ። ስለ እርሱ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማይክል ፋራደይ በሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ለንደን አጠገብ ከድኃ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ በእኛም አገር አፄ ምኒልክ ሠራተኛ አይሰደብ ብለው አዋጅ እስኪያወጡበት ድረስ ይናቅ የነበረው ሙያ ነው። አባቱ በሕመም ብዙ ጊዜ ከሥራ ይቀር ስለ ነበር ቤቱ ችግር አልተለየውም። ልጁም ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ከመማር አላለፈም።

ዕድሜው 13 ሲሆን ሪቦ በተባለ መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ዘንድ ተላላኪ ሆኖ ገባ። ቀጥሎም ጥረዛ ለመልመድ ለሰባት ዓመት ተቀጠረ። ጌታው ደግ ሰው ነበርና የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እንዲያነብ ፈቀደለት። በኢንሳይክሎፔዲያ ብሪታኒካ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን ያነበበው እዚያው ነው። ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ስለ ኬሚስትሪ የጻፈችውንም መጽሐፍ እንዲሁ አነበበ። ፋራደይ ግን አንብቦ ብቻ አይተውም ነበር። ከኪሱ ሳንቲም የሚተርፈው ሲገኝ ዕቃ ገዝቶ ያነበበውን በገዛ እጁ ይሞክር ነበር።

በ1812 አንድ ደንበኛ የመግቢያ ወረቀት ሰጠውና የታወቀውን ኬሚስት ሀምፍሪ ዴቪን ንግግሮች ሰማ። የሰማውን በጥንቃቄ ጽፎ፣ ሥዕል ጨምሮ፣ በሚያውቀው ሙያ አሳምሮ ጠርዞ ለራሱ ለዴቪ ላከለት። በማርች 1813 ሮያል ኢንስቲትዩሽን በተባለው የሳይንስ ተቋም የዴቪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ዴቪን ተከትሎ ወደ አውሮፓ አገሮች ሲሄድ የዴቪ ሚስት እንደ አሽከር ትቆጥረው ነበር። እርሱ ግን መማሩን አላቋረጠም።

በ1820 የዴንማርኩ ሊቅ ኧርስቴድ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ አስታወቀ። በተከታዩ ዓመት ፋራደይ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረገ። ይህ የሞተር መጀመሪያ ነው። ከዚያም ጥያቄውን ገለበጠው። ኤሌክትሪክ ማግኔትን ከፈጠረ፣ ማግኔትስ ስለ ምን ኤሌክትሪክ አይፈጥርም? ይህን ጥያቄ ይዞ አሥር ዓመት ቆየ። በመካከሉ ደጋግሞ ሞክሮ ምንም አላገኘም።

በኦገስት 29 ቀን 1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦዎችን ለየብቻ ጠቀለለ። አንዱን ሽቦ ከባትሪ፣ ሁለተኛውን ኤሌክትሪክ ከሚያመለክት መርፌ ጋር አገናኘ። ባትሪው ሲያያዝ መርፌው ብልጭ ብሎ ተነቃነቀና ወደ ቦታው ተመለሰ። ባትሪው ሲለያይም እንደ ገና ተነቃነቀ፤ አሁን ግን ወደ ተቃራኒው ጎን ነበር። በመካከሉ፣ ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ሲፈስ፣ መርፌው ጸጥ አለ። በኦክቶበር 17 ደግሞ ማግኔት ወደ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ከተተ። ሲያስገባው መርፌው ሄደ፤ ሲያወጣው ወደ ሌላው ጎን ሄደ፤ ማግኔቱን ውስጥ ሲያሳርፈው ቆመ።

ምሥጢሩ ይኸው ነበር። ኤሌክትሪክ የሚገኘው ማግኔት ስላለ ብቻ ሳይሆን፣ ማግኔቱ ወይም ሽቦው ሲንቀሳቀስ ነው። በማግኔት ዙሪያ የማይታይ የኃይል መስክ አለ፤ በወረቀት ላይ የብረት ብናኝ ብንነሰንስ መስመሩን ያሳየናል። በሽቦው ጥቅል ውስጥ የሚያልፈው መስክ ሲለዋወጥ፣ በሽቦው ያለው ኤሌክትሪክ ይገፋል። እንቅስቃሴው ሲፈጥን፣ የሽቦው ዙር ሲበዛ ወይም ማግኔቱ ሲበረታ ግፊቱ ይጨምራል። በኦክቶበር 28 ፋራደይ የመዳብ ዝርግ ክብ በማግኔት ጫፎች መካከል እያሽከረከረ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ አገኘ። ዛሬ ላሉት ጀነሬተሮች ሁሉ አያታቸው ይህ ነው።

እንግዲህ የልጁ መልስ እዚህ አለ። ኤሌክትሪኩ ቤንዚኑ ውስጥ የለም። ቤንዚኑ ሞተሩን ያዞራል፤ ሞተሩ ማግኔትን በሽቦ መካከል ያዞራል። ፍሪጅ ሲሰካበት ጀነሬተሩ የሚያቃስተውም ብዙ ኤሌክትሪክ ሲወሰድበት መሽከርከሩ ስለሚከብደው ነው። በነጻ የሚገኝ ኃይል የለም። በውኃ ኃይልም የሚሠራው እንዲሁ ነው። በከተማችን ምሥራቅ የሚወርደው ትልቁ አቃቂ ወንዝ የሚገባበት አባ ሳሙኤል፣ በ1952 ዓ.ም. በአዋሽ ወንዝ ላይ የተመረቀው ቆቃ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የዓባይ ግድብም ሥራቸው አንድ ነው። በዚያ ቤንዚኑን ተክቶ የሚያዞረው ውኃው ነው።

ፋራደይ ዝናው ከገነነ በኋላ የሰር ማዕርግ እንዲቀበል ቢጠየቅ አልፈለገም። የሳይንቲስቶች ማኅበር ፕሬዚዳንትነትንም አልተቀበለም። በትንሽ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ሽማግሌ ሆኖ አገልግሏል። በገና ሰሞን ለወጣቶች ሳይንስን በሙከራ ያስተምር ነበር። ከፍተኛ ሒሳብ ስለማያውቅ ያገኘውን በቀመር የጻፈለት በኋላ የተነሣው ማክስዌል ነው። በኦገስት 25 ቀን 1867 ንግሥት ቪክቶሪያ በሰጠችው ቤት ዐርፎ ያለ ብዙ ሥርዓት ተቀበረ።

እኔ ቀመሩን ይዤ ነገሩን አላወቅሁም፤ እርሱ ቀመሩን ሳይዝ ነገሩን አወቀ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አውጥቼ፣ ሽቦ ጠቅልዬ፣ መርፌ ያለው ቴስተር ተውሼ ወደ ልጁ ሄድኩ። ማግኔቱን በገዛ እጁ ሲያንቀሳቅስ መርፌው ተነሣ፤ ሲያቆም ወደቀ። ደጋግሞ ሞከረውና ከእኔ ቀድሞ ገባው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ለፈተና ብቻ ሸምድደን ያስቀመጥነው ዕውቀት በሽቦ መካከል እንዳረፈ ማግኔት ነው። ኃይሉ አለ፤ ብርሃን ግን አይሰጥም። በየክፍላችን የሚጠይቁን ሕፃናት አሉና፣ ያወቅነውን ይዘን እንነሣ።