ዶክተር በርንሃርድ ግርዚሜክና የሰረንጌቲ ሜዳ

የዱር አራዊትን በተፈጥሮ ሥፍራቸው ለማየት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚጓዝ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ የሰረንጌቲን ሜዳ ሳያይ አይመለስም። በታንዛንያ የሚገኘው ይህ ብሔራዊ ፓርክ 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ስሙን በዓለም ካስጠሩት ሰዎች መካከል በቀዳሚነት የሚታወሱት አንድ የጀርመን የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ ለዚህም ዝና የከፈሉት ዋጋ ቀላል አልነበረም።

ዶክተር በርንሃርድ ግርዚሜክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. ኒሰ በምትባል፥ ያን ጊዜ የጀርመን፥ ዛሬ ግን የፖላንድ በሆነች ከተማ ተወለዱ። በላይፕሲግና በበርሊን ተምረው የእንስሳት ሐኪም ሆኑ። ጦርነቱ ባበቃበት በ1945 ዓ.ም. የፍራንክፈርት ከተማ የአራዊት ማሳያ ሥፍራ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ሥፍራው በቦምብ ፈራርሶ፥ ከአራዊቱም የተረፉት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። እሳቸው ግን ተስፋ ሳይቆርጡ ፍርስራሹን አስጠርገው፥ ሥፍራውን እንደገና አቋቁመው እስከ 1974 ዓ.ም. መሩት።

ወደ አፍሪካ ደጋግመው ከተጓዙ በኋላ፥ የሰው ብዛትና የእርሻ መስፋፋት ለአራዊት መኖሪያ እያሳጣ መሆኑን የሚገልጽ መጽሐፍ በ1954 ዓ.ም. አሳተሙ። በዚሁ መጽሐፍ ላይ የተመሠረተው ፊልም ገንዘብ ባስገኘ ጊዜ፥ ከልጃቸው ከሚካኤል ጋር ሆነው መሬት ገዝተው ለአራዊት መጠለያ እንዲውል ለመስጠት አሰቡ። የታንጋኒካ ፓርኮች ኃላፊ ግን ከመሬቱ ይልቅ ዕውቀቱ እንደሚያስፈልግ አስረዷቸው። በዚያ ወራት የእንግሊዝ አስተዳደር በ1951 ዓ.ም. ከተቋቋመው ፓርክ የምሥራቁን ክፍል ቆርጦ ለማውጣት አስቦ ነበር፤ ዳሩ ግን መንጎቹ በክረምትና በበጋ ወዴት እንደሚጓዙ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም።

ስለዚህ አባትና ልጅ አውሮፕላን መንዳት ተማሩ። አባትየው ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ተጠግቶ ነበር። እንደ ሜዳ አህያ በነጭና በጥቁር መስመር የተቀባች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ይዘው በ1957 ዓ.ም. መጨረሻ ከጀርመን ተነሥተው አፍሪካ ገቡ። በማግሥቱ ዓመት ሜዳውን በመደዳ ከፋፍለው፥ ዝቅ ብለው እየበረሩ አራዊቱን ቈጠሩ። ያገኙት ድምር ወደ 367 ሺህ ደረሰ፤ ከዚህም ውስጥ ዊልደቢስት የሚባሉት ወደ 99 ሺህ ነበሩ። ለአንዳንዶቹም ባለ ቀለም ምልክት አንገታቸው ላይ አሥረው መንገዳቸውን ተከታተሉ። ከዚህም የተነሣ ታላላቆቹ መንጎች በዓመቱ ውስጥ ለብዙ ጊዜ የሚግጡት ከታሰበው ወሰን ውጭ እንደሆነ ገለጡ። በዓይን የተደረገው ይህ ቈጠራ ከእውነተኛው ቍጥር ያነሰ እንደነበረ በኋላ ተደርሶበታል፤ ሆኖም ክርክሩን ከግምት አውጥቶ ወደ ምርምር መርቶታል።

ሥራው ሊፈጸም ሲቃረብ፥ ጥር 10 ቀን 1959 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ሚካኤል ብቻውን ሲበር አውሮፕላኑ ከጥንብ አንሳ ጋር ተጋጭታ ወደቀች፤ እሱም በ24 ዓመቱ ሞተ። በንጎሮንጎሮ አፋፍ ላይ ተቀበረ። አባትየው ሐዘናቸውን በሆዳቸው ይዘው ሁለቱ የጀመሩትን መጽሐፍና ፊልም በዚያው ዓመት ፈጸሙ። ፊልሙም በ1960 ዓ.ም. የኦስካር ሽልማት አገኘ።

ከዚህ ሁሉ ጋር መነገር የሚገባው ሌላ ነገር አለ። በ1959 ዓ.ም. ንጎሮንጎሮ ከፓርኩ ተለይቶ ለብቻው ሲከለል፥ በሰረንጌቲ ይኖሩ የነበሩት የማሳይ ከብት አርቢዎች ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ዶክተር ግርዚሜክም በፓርክ ውስጥ ማንም ሰው ሊኖር አይገባም የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። ነገር ግን ማሳዮቹ ከአራዊቱ ጋር ለብዙ ትውልድ አብረው የኖሩ ናቸውና የግጦሽ መሬታቸውንና ውኃቸውን ማጣታቸው ትልቅ ጉዳት ነበር። በዚያ አገር የአርቢዎች የመሬት መብት ጥያቄ እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም።

የአራዊቱ ቍጥር ግን ከፍ አለ። በአማርኛ ደስታ የሚባለው፥ በኢትዮጵያ ክፉ ቀን ያስከተለው የከብት በሽታ፥ የማሳይን ከብቶችና ዊልደቢስቱን አንድ ላይ ሲፈጅ ኖሮ ነበር። ከብቶቹ በተከተቡ ጊዜ በሽታው ከዱር አራዊቱም ጠፋ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻም ዊልደቢስቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኑ። እንግዲህ አራዊቱን ለማዳን የጠቀመው የወሰን አጥር ብቻ ሳይሆን፥ ለአርቢው ከብት የተሰጠው መድኃኒትም ነው።

ዶክተር ግርዚሜክ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌቪዥን ሕዝባቸውን ስለ እንስሳት ያስተምሩ፥ ለጥበቃውም ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። ተመልካቾቻቸው ምሥራቅ አፍሪካን ሄደው እንዲያዩ ይመክሩ ነበር፤ ጎብኚ የሚያመጣው ገንዘብ ለአዲሶቹ መንግሥታት አራዊቱን የመጠበቅ ምክንያት ይሆናል ብለው ያምኑ ነበርና። ሐሳባቸው በብዙው ተሳክቷል፤ ነገር ግን የጎብኚ መኪና መብዛት፥ የአዳኞች ወጥመድና በፓርኩ ዙሪያ የሚሰፋው እርሻ አዲስ ችግር ሆነዋል። በ1963 ዓ.ም. በኪሊማንጃሮ ግርጌ የተከፈተው የምወካ ኮሌጅ አፍሪካውያን የአራዊት ጠባቂዎችን ማሠልጠኑ፥ ጥበቃው በአገሩ ልጆች እጅ እንዲገባ ረድቷል። እሳቸው የመሩት የፍራንክፈርት የአራዊት ማኅበርም ከሳቸው ሞት በኋላ በኢትዮጵያ በባሌ ተራሮች ሠርቷል።

በ1987 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ዐረፉ፤ ዐመዳቸውም ወደ ንጎሮንጎሮ ተወስዶ ከልጃቸው አጠገብ ተቀበረ። መምህር ይህን ታሪክ ለተማሪዎቹ ሲነግር የአባትየውን ትጋትና የልጁን መሥዋዕትነት ብቻ ነግሮ ቢያቆም ትምህርቱ ጎደሎ ይሆናል። ከሜዳው የወጡትንም ሰዎች አብሮ ቢያስታውስ፥ ተማሪው አራዊትን መጠበቅ ጎረቤትን ከመጠበቅ ተለይቶ እንደማይጸና ይረዳል።