ፒተር ሜዳዋር (1915–1987)፦ የንቅለ ተከላን እንቆቅልሽ የፈቱ ተመራማሪ

ኩላሊት ተተክሎለት ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ወደ ሽንፋ የሚመለስ ታካሚ በየቀኑ ሰዓት ጠብቆ የሚወስደው መድኃኒት ይታዘዝለታል። ይህ መድኃኒት ሕመም በሌለበት ጊዜም አይቋረጥም። ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ምክንያቱን ደጋግመው ይጠይቃሉ። ለመልሱ መሠረት የጣሉት የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ፕሮፌሰር ፒተር ሜዳዋር ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪካቸውን፣ እንዲሁም ከሥራቸው ለተገልጋዮች የሚጠቅመውን ቁም ነገር በአጭሩ ያቀርባል።

ትውልድና ትምህርት

ሜዳዋር እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1915 ከሊባኖሳዊ አባትና ከእንግሊዛዊት እናት በብራዚል ተወለዱ። በልጅነታቸው ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ሄዱ፤ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሳይንስ አጠኑ። ሐኪም ወይም ቀዶ ሕክምና ባለሙያ አልነበሩም። ወደ ሕክምናው ዓለም ያስገባቸው ጦርነት ነው።

ከእሳት ቃጠሎ የተነሳ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1940 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አንድ የጦር አውሮፕላን በኦክስፎርድ ከሜዳዋር ቤት አቅራቢያ ወደቀ። ከአደጋው የተረፈው አየር ኃይል ባልደረባ ሰውነቱ ክፉኛ ተቃጥሎ ነበር። ሐኪሞች ለወጣቱ ሕክምና የሜዳዋርን ምክር ጠየቁ። ከራሱ ሰውነት ተነሥቶ ቁስሉን ለመሸፈን የሚበቃ ቆዳ አልነበረም፤ ከሌላ ሰው የተወሰደ ቆዳ ደግሞ ለጊዜው የያዘ መስሎ ከቀናት በኋላ ይሞት ነበር። ይህ ለምን እንደሚሆን በጊዜው በእርግጠኝነት የሚያስረዳ አልነበረም።

ሜዳዋር ጥያቄውን ይዘው ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ግላስጎው ሮያል ኢንፈርመሪ ሆስፒታል አመሩ። በዚያም ከቀዶ ሐኪሙ ቶማስ ጊብሰን ጋር አንዲት በእሳት የተቃጠለች ሴት ያክሙ ጀመር። ከራሷ የተወሰደው ቆዳ ጸንቶ ሲቆይ ከወንድሟ የተወሰደው ሞተ። ከወንድሟ ለሁለተኛ ጊዜ የተወሰደው ቆዳ ደግሞ ከመጀመሪያው ፈጥኖ ጠፋ። ይህ ልዩነት ትልቅ ምስክር ሆነ። ሰውነት የመጀመሪያውን ባዕድ ቆዳ ለይቶ አውቆታል፤ አስታውሶታልም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ሲመጣ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1943 ታተመ። ሜዳዋር ከዚያ በኋላ በጥንቸሎች ላይ ባካሄዱት ሰፊ ምርምር፣ ባዕድ ቆዳን የሚያጠፋው ከበሽታ የሚጠብቀን ያው የመከላከል ሥርዓት መሆኑን አረጋገጡ።

የመንታ ጥጆች ምስጢር

ሜዳዋርና ባልደረባቸው ሩፐርት ቢሊንግሃም ቀጥለው በመንታ ጥጆች ላይ የቆዳ ንቅለ ተከላ አደረጉ። ፍጹም የማይመሳሰሉት መንታዎች እንኳ አንዱ የሌላውን ቆዳ ተቀበለ። ምክንያቱ መንታ ጥጆች በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ ደማቸው የሚቀላቀል መሆኑ ነው። ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር አብዛኛውን ጊዜ መካን የምትሆነውም በዚሁ የደም መቀላቀል ነው፤ ይህን ከብት አርቢዎቻችን በልምድ ሊያውቁት ይችላሉ።

ሜዳዋር፣ ቢሊንግሃምና ሌስሊ ብሬንት እ.ኤ.አ. በ1953 ይህንኑ በአይጦች ላይ በሙከራ አሳዩ። ገና ያልተወለዱ አይጦች የሌላ ዘር አይጥ ሴል ከተሰጣቸው፣ ካደጉ በኋላ የዚያን ዘር ቆዳ እንደ ራሳቸው ይቀበሉ ነበር። ዘዴው በቀጥታ ለሰው የሚውል አልነበረም። ይሁን እንጂ ሰውነት ባዕድ አካልን አልቀበልም የማለቱ ነገር ሊሸነፍ የሚችል መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አስመሰከረ። ሜዳዋር ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1960 ከአውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከቤተ ሙከራ ወደ ሕክምና

እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሪ በፍጹም ተመሳሳይ መንትያ ወንድማማቾች መካከል የኩላሊት ንቅለ ተከላ አከናወኑ፤ ተሳካም። ተመሳሳይ መንትያ ለሌለው ሕሙም ግን የመከላከል ሥርዓቱን የሚያለዝብ መድኃኒት መገኘት ነበረበት። እነዚህ መድኃኒቶች ከ1960ዎቹ ጀምሮ አንድ በአንድ ሥራ ላይ ዋሉ።

ሜዳዋር እ.ኤ.አ. በ1969 በስትሮክ ተመትተው ግማሽ አካላቸው ቢዳከምም ምርምራቸውንና ጽሑፋቸውን አላቋረጡም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1987 በ72 ዓመታቸው በለንደን አረፉ።

በሀገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀመረ፤ ለጋሾቹም በሕይወት ያሉ የታካሚው ዘመዶች ናቸው። ወንድም ወይም እህት መሆን የመጣጣም ዕድልን ቢጨምርም፣ በግላስጎው እንደታየው ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጥንቃቄ የተሞላበት ምርመራ ይደረጋል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ከሟች ለጋሾች የሚያገኘው የዓይን ብሌን ግን በተለየ ሁኔታ ይታያል። የዓይን ብሌን የደም ሥር ስለሌለው የመከላከል ሥርዓቱ በቀላሉ አይደርስበትም። ሜዳዋርም ዓይን እንዲህ ካሉ የተጠበቁ የሰውነት ክፍሎች አንዱ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1948 አመልክተዋል።

ለተገልጋዮች የሚጠቅም ቁም ነገር

የተተከለ ኩላሊት ዓመታት ቢያልፉም ለሰውነት ባዕድ ነው። መድኃኒት ሲቋረጥ የመከላከል ሥርዓቱ ያስታውሰዋል፤ ያጠቃዋልም። በሌላ በኩል መድኃኒቱ የመከላከል አቅምን ስለሚቀንስ ታካሚውን ለተላላፊ በሽታዎች ያጋልጣል፤ ከጊዜ በኋላም የስኳር በሽታን፣ የደም ግፊትንና አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶችን ሊያመጣ ይችላል። ወባና ካላዛር በሚገኙባቸው በሽንፋ፣ በመተማና በአካባቢያቸው የሚኖሩ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ዜጎች በተለይ የሚከተሉትን እንዲያስተውሉ ይመከራል፦

• ትኩሳት ሲሰማ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድና ንቅለ ተከላ የተደረገ መሆኑን አስቀድሞ ለባለሙያው መናገር፤
• ካላዛር በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ የመከላከል አቅም ሲዳከም ሊነሳ ስለሚችል፣ ለሳምንታት የዘለቀ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ወይም የጣፊያ ማበጥ ሲታይ ምርመራ መጠየቅ፤
• የቲቢ መድኃኒትን ጨምሮ ሌሎች መድኃኒቶችና የባህል ዕፆች የመድኃኒቱን ኃይል ሊለውጡ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ፈቃድ አለመውሰድ፤
• በአጎበር መተኛት፣ የወንዝ ውኃን አፍልቶ ወይም አክሞ መጠጣት፣ ክትባት ከመውሰድ በፊትም ሐኪምን ማማከር፤
• ክረምት መንገድ ሊያስቸግር ስለሚችል መድኃኒቱ ከማለቁ በፊት በቂ ይዞ መገኘትና የክትትል ቀጠሮን አለማሳለፍ።

ሜዳዋር ከአንድ የተቃጠለ ወጣት አጠገብ ያነሡት ጥያቄ ዛሬ ብዙዎችን በሕይወት አቆይቷል። ዘመድ የለገሰው ኩላሊት ሥራውን እንዲቀጥል ግን የታካሚው የዕለት ተዕለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል።