በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት እና የመኖሪያ ቤት ሕገ መንግሥታዊ ከለላ

የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም በሸዋ ተወለዱ። ከአድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተጉዘው በመድፈኛ መኮንንነት ሠለጠኑ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም ጨርጨርን በገዥነት አስተዳድረዋል፤ የአሰበ ተፈሪን ከተማ ቆርቁረዋል። ፋቡላ የተሰኘው ሥራቸው የአማርኛ ተውኔት ፈር ቀዳጅ ነው።

የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ ያዘጋጁት ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም ታወጀ። የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት መነሻ ያደረገው ይህ ሰነድ 55 አንቀጾች ነበሩት። ሕግ ከወሰነው ሁኔታ በስተቀር በአንቀጽ 25 የኢትዮጵያውያን መኖሪያ ቤት ለብርበራ እንዳይገባበት፣ በአንቀጽ 26 ደግሞ የደብዳቤያቸው ምስጢር እንዳይደፈር ደነገገ።

ይሁንና ከለላው ጉልህ ክፍተት ነበረበት። ብርበራ የሚፈቀድበትን ሁኔታ ሕገ መንግሥቱ ለሌላ ሕግ ተወው። የምክር ቤቱ አባላት በሕዝብ የተመረጡ ባለመሆናቸው ሕግ የማውጣቱ የመጨረሻ ሥልጣን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ነበር።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በኋላ በመንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው በጄኔቭ ስለ አገራቸው ተከራከሩ። ከፋሺስት ወረራ በኋላ ረጅም ዘመን በስደት ኖረው ሲመለሱ በሐረርጌ ሂርና በእርሻ ሥራ ተሠማሩ።

ክፍተቱን በዝርዝር የሸፈነው በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በሕጉ ተለይተው ከተቀመጡ ሁኔታዎች በቀር ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ እንዳይበረብር፣ ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ እንዲገልጽ፣ ፍርድ ቤቱ በሌላ ሁኔታ ካላዘዘ በቀር ብርበራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ እንዲፈጸም አዘዘ።

ደርግ በመስከረም 1967 ዓ.ም ሕገ መንግሥቱን አገደ። በ1969 ዓ.ም በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ በሥራ ላይ ያለ ሕገ መንግሥት አልነበረም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረፉትም በዚያው ዓመት ነው።

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ከለላውን ከመኖሪያ ቤትና ከደብዳቤ አልፎ ወደ ስልክና ኤሌክትሮኒክ ግንኙነቶች አሰፋው። ይህንን መብት የማክበርና የማስከበር ግዴታንም በመንግሥት ባለሥልጣናት ላይ ጣለ።