አቡነ ጴጥሮስ፦ መንጋውን ያላስረከቡ እረኛ

ሃይማኖት በሰላም ቀን በአፍ ይነገራል፤ በመከራ ቀን ግን በሕይወት ይመሰከራል።

አቡነ ጴጥሮስ በሰላሌ ተወለዱ። በ1921 ዓ.ም. ግብፅ ውስጥ ጵጵስና ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን አባቶች አንዱ ነበሩ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ሲወር ከአርበኞች ጋር ቆሙ። በ1928 ዓ.ም. ክረምት አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ያደረጉት ውጊያ ሳይሳካ ቀረ፤ እርሳቸውም ተያዙ።

ጠላት ክርስቶስን ካዱ አላላቸውም። አርበኞችን እንዲያወግዙና ለወራሪው እንዲገዙ ብቻ ጠየቃቸው። አንድ ቃል ቢናገሩ ሊተርፉ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን መንጋቸውን ለተኵላ አላስረከቡም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት በጥይት ተደብድበው ዐረፉ።

እኛስ ለጥቂት ጥቅም፣ ለትንሽ ፍርሃት ብለን ባልንጀራችንን በአንድ ቃል አሳልፈን አልሰጠንምን? ድፍረትን ከዚያች ከትንሿ ቃል እንጀምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።