ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃን
(የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የሕይወት ታሪክ)

በዚህ በሰሜኑ የከተማችን ክፍል፣ ከስድስት ኪሎ አለፍ ብሎ በእንጦጦ ግርጌ፣ አንድ አሮጌ ትምህርት ቤት እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዛሬ በእንጦጦ ስም የሙያ ትምህርት የሚሰጥበት ሲሆን ቀድሞ የሚጠራው ግን ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተብሎ ነበር። እኔም ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመላለስ በአጠገቡ እያለፍኩ፣ በመጀመሪያ በበላይነት የመሩት ሰው ማን እንደ ነበሩ ሳልጠይቅ ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ። ስጠይቅ ያገኘሁት ታሪክ ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ከመቅደላ አምባ የሚጀምር ሆነ።

ወርቅነህ እሸቴ በ1858 ዓ.ም. በጎንደር ተወለደ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ፣ ሦስት ዓመት እንኳ ያልሞላው ይህ ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። የልዑል ዓለማየሁን ዕጣ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስለ ልዑሉ ተጽፏል፣ ተለቅሷልም። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሕፃን ግን የሚያውቅ ከመካከላችን ስንት ነው? ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ መኰንን ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ። እሱም ብዙ ሳይቆይ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁ ከሁለቱ አሳዳጊዎቹ የአንዱን የቤተሰብ ስም ወርሶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቶ፣ በእንግሊዞች እምነት አድጎ፣ በላሆር የሕክምና ትምህርት በ1874 ዓ.ም. ጨረሰ፤ በኋላም ስኮትላንድ ሄዶ ትምህርቱን አሻሻለ። ከዚያም በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። እንግሊዝኛና የሕንድ ቋንቋ ይናገራል፤ ከአማርኛ ግን አንድ ፊደል አያውቅም።

ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው፤ ሐኪም ሆነዋልና።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ሲሰማ፣ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ የኢትዮጵያ ስም ተጻፈ። ሐኪሙ በሩቅ በርማ ሆነው ይህን ባነበቡ ጊዜ ፈቃድ ጠይቀው ቁስለኛ ለመርዳት ተነሡ፤ ሆኖም ያን ጊዜ ወደ መሐል አገር ለመግባት አልቻሉም። ተስፋ ሳይቆርጡ በ1892 ዓ.ም. እንደገና መጥተው አዲስ አበባ ደረሱ። ከመቅደላ የተወሰደ ሐበሻ ሐኪም ሆኖ መጥቷል የሚለው ወሬ ሲሰማ አያታቸው መጡ። የልጅ ልጃቸው በሕፃንነቱ በገላው ላይ የነበረውን ጠባሳ ያውቁ ነበርና በዚያ ምልክት ለዩት። ስሙ ወርቅነህ እንደ ሆነም ነገሩት። እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አንድ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው የገዛ ስሙን በአስተርጓሚ ሲሰማ ምን ይሰማው ይሆን? እኔ በበኩሌ የዚህን ታሪክ ቀሪ ክፍል የተረዳሁት ከዚህች ሰዓት ተነሥቼ ነው።

ከዚህ በኋላ ዓመታት በመመላለስ አለፉ። በእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ወደ በርማ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፤ ዐፄ ምኒልክም ሲታመሙ ከሐኪሞቻቸው አንዱ ሆነዋል። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን በ1911 ዓ.ም. ገደማ ጠቅልለው አገራቸው ገቡ።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በገዛ ገንዘባቸው ያሠሩት ትምህርት ቤት ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ሲከፈት የበላይ ኃላፊነቱ ለሐኪም ወርቅነህ ተሰጠ። ወጣቶች እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ተምረው ዘመናዊ ዕውቀት እንዲቀስሙ ነበር ዓላማው። ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። የውጭ ቋንቋ የተማረ ልጅ ሃይማኖቱን ይለውጣል፣ አገሩን ይንቃል የሚል ፍርሃት በመኳንንቱም በካህናቱም ዘንድ ሥር የሰደደ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ጊዜ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ ቅብጦች እንዲመጡ የተደረገውም ይህንኑ ፍርሃት ለማብረድ ነው።

እኛ ወጣቶች ይህን ስንሰማ አባቶቻችንን ኋላ ቀር ብለን ለመሳቅ እንቸኩላለን። እኔ ግን ፍርሃቱ መሠረት የለሽ ነበር አልልም። ማስረጃው ራሳቸው ሐኪም ወርቅነህ አይደሉምን? የባዕድ ትምህርት ሐኪም አደረጋቸው፤ ስማቸውን፣ ቋንቋቸውንና የአባቶቻቸውን እምነት ግን በልጅነታቸው አጥተዋል። የሚገርመው፣ ይህን ዋጋ በገዛ ሕይወታቸው የከፈሉት ሰው ናቸው የአገሪቱን ልጆች ለማስተማር የተሾሙት። ለኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱንም ወገን ያውቁት ነበር፤ ያለ ዘመናዊ ትምህርት አገር እንደማይቆም በመቅደላ ታይቷል፣ ከሥሩ የተነቀለ ተማሪ ምን እንደሚጎድለውም በራሳቸው ደርሷል። ለዚህም ይሆናል አማርኛን በጎልማሳነታቸው ከፊደል ጀምረው የተማሩትና፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ መጽሐፍ አድርገው ያሳተሙት። የሂማላያን ተራሮችና የአሜሪካን ወንዞች ልጆች በአማርኛ እንዲያነቡ ያደረገው፣ በሠላሳ አራት ዓመቱ አማርኛ የማያውቅ የነበረው ሰው ነው!

በዚያው ዘመን ነፃ ለወጡ ባሪያዎች ልጆች በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ተከፍቶ እርሳቸው ይመሩት ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤት የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ግን ለኔ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። የመኳንንት ልጅ ባይማር አባቱ ርስት ያወርሰዋል፤ ትናንት እንደ ዕቃ ይሸጥ የነበረ ልጅ ግን ከፊደል ሌላ ምን ርስት አለው? ተማርኮ የተወሰደ ሕፃን ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው በዚያ ቦታ መገኘቱም ደግ ነገር ነው።

በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ግድብ ጉዳይ አሜሪካ ተልከው ሳለም፣ ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋብዘዋል። ከዚያም የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው፣ አሰበ ተፈሪ ላይ የተማሩ ወጣቶችን ሰብስበው አዲስ ዓይነት አስተዳደር ሞከሩ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ወደ ለንደን ሄዱ።

ጦርነቱ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩት ሁለት ልጆቻቸው፣ ብንያምና ዮሴፍ፣ እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር፤ ግን አገራቸው ገብተው ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ተሰለፉ። ከልዑል ራስ እምሩ ጋር የነበረው ይህ ጦር በ1929 ዓ.ም. ተይዞ መሣሪያውን አስረከበ። ከተፈሪ መኰንን ተማሪዎች አንዱ የነበሩት፣ በኋላ በድርሰታቸው የምናውቃቸው ሐዲስ ዓለማየሁም ያን ጊዜ ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲጣል ፋሽስቶች የተማረ ወጣት እያሉ ለቅመው ፈጁ። ብንያምና ዮሴፍም ተገደሉ።

ፋሽስቱ የሚፈራውን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

አባትየው ያን ጊዜ ለንደን ነበሩ። ለብዙ ዓመታት የዕለት ማስታወሻ የሚይዙ ሰው ስለ ነበሩ፣ ያን መርዶ የሰሙ ዕለት ምን ጽፈው ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ኋላም ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ሕንድ ተሰደዱ፤ በ1934 ዓ.ም. ከነፃነት በኋላ ተመለሱ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሰባ ስድስት ነበር፤ ካስተማሯቸው ወጣቶች ብዙዎቹ በሕይወት አልጠበቋቸውም።

ትምህርት ቤቱ ግን እንደገና ተከፍቶ በካናዳ ኢየሱሳውያን መምህራን ይመራ ጀመር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የመጀመሪያው ኃላፊ የሆኑት ዶክተር ሉሲየን ማት የመጡት ከዚሁ ከተፈሪ መኰንን ነው። ሐኪም ወርቅነህ ይህን ለማየት በቅተዋል። በመስከረም ወር 1945 ዓ.ም. በተወለዱ በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ገደማ በአገራቸው ዐረፉ፤ የተጠሩትም አያታቸው በመለሱላቸው ስም ነው።